በጋቢ የተጠቀለለችው ማሽን

ታየች ስልክ በጮኸ ቁጥር «ማን ሞተ?» ብላ የምታነሳ ሴት ናት። ልጇ ኤልዳና አዳማ ሥራ ከያዘች ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ሚኒባስ ተገለበጠ የሚል ወሬ ከሰማች፣ መንገዱ የሮቤም ይሁን የጎበሳ፣ ልጅቷ በዚያ በኩል የምታልፍበት አንዳች ምክንያት ባይኖርም፣ ደውላ ድምጿን ሳትሰማ ውሃ አትጠጣም። ሰማዩ ከጠቆረ መብረቅ፣ ከጠራ ውርጭ ይታያታል። ሰፈሩ አመሏን ያውቃል፤ ይስቅባታልም። ግን ሰው መንገድ ሲሄድ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነው። ክፉ ክፉውን የምታስብ ሴት ዕቃ አይጠፋባትማ።

«እናት ማሽን» የተባለችው ኮምፒውተርም ቤቷ የገባችው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ከቅዳሜው ማኅበር መጀመር ይሻላል። በዚያን ዘመን አሰላ ውስጥ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ያለውም ቢሆን ሳሎን ላይ አስቀምጦ ዳንቴል ያለብሰዋል እንጂ ምን እንደሚሠራበት በቅጡ አያውቅም። ጋሽ ከበበው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ወንድማቸው የሰጣቸው አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ጭጭ አለባቸው። የሚጠግን ሰው ፈልገው ሲያጡ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ራሳቸው ፈቱት። መልሰው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተረፈ፤ ማሽኑ ግን ተነሳ። ወሬው ባንድ ሳምንት ከተማውን አዳረሰ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ገበያ ሆነ። ሰው ሲፒዩውን እንደታመመ ሕፃን ብርድ ልብስ አልብሶ በባጃጅ፣ በጋሪ፣ አንዳንዱም በትከሻው ይዞ ይመጣል። ባለቤታቸው ጽጌረዳ ምሳ የምታቀርብበት ቦታ አጣች። ወጡ ውስጥ ብሎን የተገኘ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ሽማግሌዎቹን ከግቢው ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ለመነች። ፈቀዱላት። እንግዲህ «የአሰላ የቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ኅብረት» የተቋቋመው ፊዚክስ በሚያውቅ ሰው ሳይሆን ጠረጴዛዋ እንዲመለስላት በፈለገች ሴት ነው። ሰዉ ግን ረጅሙን ስም ትቶ «ቅዳሜ» ይለው ነበር። «ቅዳሜ ትመጣለህ?» «ቅዳሜ ወሰድኩት፣ ዳነ።»

ኅብረቱ ደመወዝተኛ የለውም፤ አስከፍሎም አያውቅም። ሕጉ አንድ ነበር፦ ማንም የሰው ማሽን አይፈታም። የሚያውቀው አጠገብ ቆሞ ያሳያል፤ ብሎኑን የሚፈታው ባለቤቱ ራሱ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል ቢልም እየተንቀጠቀጠ ይፈታል። ጋሽ ከበበው «እኔ ነገ ብሞት የእናንተ ማሽን አብሮኝ እንዳይሞት» ይሉ ነበር።

ታየች የመጣችው ኤልዳናን ተከትላ ነው። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ሳለች አጎቷ ኮምፒውተር ገዛላት። እናት፣ እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ወንዶች እንደሚሰበሰቡ ላጣራ ብላ ገባች፤ ሳትወጣ ዓመታት አለፉ። እሷ ራሷ አንድም ማሽን ፈትታ አታውቅም። እሳት ቢነሳስ፣ ኤሌክትሪክ ቢይዛትስ፣ ብታበላሸውስ? ሥራዋ መብራት መጠበቅ ሆነ። አሰላ መብራት ሲሄድ አይደለም ጉዳቱ፤ ሲመለስ ነው፤ እንደተቆጣ በሬ ነው የሚመለሰው። መብራት ድርግም ሲል ታየች ከጥግ «ስፒና!» ትላለች፤ ሁሉም ከሶኬቱ ይነቅላል። ስንቱ ማሽን በዚያች ድምጽ ተርፏል።

ከመናኸሪያው ጎን የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ከሊል «የስፒና ሚኒስትራችን» ይላታል። «እትዬ ታየች፣ እርስዎ ባይኖሩ ወላሂ ሁላችንም ቆርኪ ሻጭ ሆነን ነበር።»

«አንተ ሳቅ፤ አንድ ቀን ሱቅህ ሲቃጠል ትጠራኛለህ» ትለዋለች።

«በሉ እስቲ፣ ይቺን ሴት ሟርቷን አስተዉልኝ!» ይላል ከሊል ወደ ሌሎቹ ዞሮ።

እናት ማሽን የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ከአምስት ስድስት የሞተ ኮምፒውተር ደህና ደህናውን አውጥተው አንድ ትልቅ ሠሩ። የቤት ማሽን በየክረምቱ ይሞታልና፣ ሰው የሠርጉን፣ የልጁን ልደት፣ የአባቱን ፎቶግራፍ ኮፒ አምጥቶ እሷ ላይ አደራ ያስቀምጥ ጀመር። ኮፒው ረጅም ሲሆን መብራት እየሄደ ስላስቸገረ፣ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ሌሊሳ አንድ ነገር አስተካከለላት፦ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካት ራሷ እንድትነሳ። ሁሉም አጨበጨበ። ታየች ብቻ «ራሱ የሚነሳ ነገር ደስ አይለኝም» አለች። ሌሊሳ ሳቀና «አዴ ታየች፣ እርስዎማ ዶሮ ራሱ ሲጮህም አይወዱም» አላት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተረሳ።

ኅብረቱ አምስተኛ ዓመቱን ባከበረበት ቅዳሜ ጽጌረዳ ተነስታ እንዴት እንደተጀመረ አወራች። ዝናብ ይጥል ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። ስለ ወጡና ስለ ብሎኑ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ስትናገር ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሊል በትንሽ ካሜራ ቀረጻት። ያም እናት ማሽን ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ፎቶውም፣ ፊልሙም፣ ወሬውም ኪስ ውስጥ ገባ። የቤት ኮምፒውተሮች ወደ ዳንቴላቸው ተመለሱ፤ ኤልዳናም የራሷን ትታ አዳማ ሄደች። ኅብረቱ አልተጣላም፣ አልተበተነም፤ ሻይ እንደሚቀዘቅዝ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ቅዳሜን ቅዳሜ የሚያደርጉት ጋሽ ከበበው፣ ከሊል፣ ሌሊሳና ታየች ብቻ ሆኑ። ማሽን የሚያመጣ ሲጠፋም እርስ በርስ እየተያዩ ይቀመጡ ነበር።

አምና ጽጌረዳ ታማ ሞተች። ጋሽ ከበበው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ሌዊም ሩቅ አገር የጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ቤቱ ጠበባቸው። ዘንድሮ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤቱን ለሕፃናት ትምህርት እንደሚፈልገው በትሕትና አስታወቀ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ኅብረቱ እንዲዘጋ ተስማሙ። አደራ ያለው ሁሉ ተጠርቶ፣ ፍላሽ እያመጣ የየራሱን ወሰደ። የቀረው የጋሽ ከበበው ብቻ ነበር፤ ያ የጽጌረዳ ፊልም።

«የእርስዎንስ መቼ ነው የሚወስዱት ጋሼ?» አለቻቸው ታየች። «ነገ የሚሆነው አይታወቅም።»

«ቤቴ ካስገባሁት ሌላ ሥራ አይኖረኝም» አሉ። «እስካሁን አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ድምጿን ብቻዬን መስማት አልቻልኩም። በመዝጊያው ቀን ሁላችሁ ባላችሁበት እናየዋለን፤ ከዚያ ይዤው እገባለሁ።»

ታየች «እሺ» አለች። «ዛሬ ይውሰዱ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ሁሌ ክፉ ተናጋሪ መሆን ሰለቻት።

የዕቃ ቤቱ ጣሪያ መታደስ ስለጀመረ እናት ማሽን እስከዚያ የት ትቀመጥ የሚለው መጣ። የከሊል ሱቅ መናኸሪያ ላይ ነው፤ ሌባ አለ። የሌሊሳ ቤት ወለሉ አቧራ ነው።

«እትዬ ታየች ቤትማ አይጥም ፈቃድ ሳትጠይቅ አትገባም» አለ ከሊል።

ጋሽ ከበበውም ሳቁ። «እንግዲህ አደራ ታየች።»

«አይበሉኝ ጋሼ። አደራ ጥብቅ ነው።»

«ስለሆነ እኮ ነው ላንቺ የምሰጠው።»

በባጃጅ ጭኗ ላይ አቅፋ ወሰደቻት። ጉድጓድ ባለበት ሁሉ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» እያለች ሾፌሩን አሰለቸችው። ቤት ስትደርስ መንገዱ ጎድቷት እንደሆነ ማየት አለባት። የኤልዳናን ስክሪን አገናኘች፤ ሁለቱንም ስፒና ዲቫይደሩ ላይ ሰካች፤ አበራች። ማሽኗ ጉሮሮዋን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ትንሽ አጉረመረመችና ተነሳች። ከፎልደሮቹ መሃል «ጽጌረዳ» የሚለው አለ። ታየች እፎይ አለች። ልትከፍተው እጇን ሰደደችና ተወችው፤ የሰው ነው።

ይህን ጊዜ መብራት ሄደ። የጭላሎ ተራራ ጉም መስኮቱ ድረስ ወርዶ ስለነበር ቤቱ ባንድ ጊዜ ድንግዝግዝ አለ። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ።

«ማን ሞተ?» አለች።

የዚህን ጊዜ ግን እውነት ሆነ። የኤልዳና አጎት አቶ እንደሻው ሲሬ ላይ አርፈው ነበር። ኤልዳናን ያስተማሩ፣ ያንን ኮምፒውተር የገዙላት ሰው። ታየች ደረቷን እየመታች ተነሳች። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊወጣ ነው። እያለቀሰችም እንኳ «ስፒና» አለች ለራሷ፤ ጎንበስ ብላ በዳበሳ አንዱን ነቀለች። ከዚያ ማሽኗን ለአቧራ ብርድ ልብስ፣ ለብርድ ወፍራሙን ጋቢዋን፣ ጣሪያው ቢያፈስ ደግሞ ከላይ የጠረጴዛውን ላስቲክ አለበሰቻት። ዙሪያውን በትራስ አስደገፈቻት። መስኮት ዘግታ፣ በር ቆልፋ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ ነጠላ ብቻ ደርባ ሄደች።

የነቀለችው የስክሪኑን ነበር።

ሲሬ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ብዙ ነገር አሰበች። ለቀስተኛው የተሳፈረበት መኪና ይገለበጥ ይሆን፣ ኤልዳና በዚህ ብርድ ስትመጣ ሳንባዋን ትታመም ይሆን፣ የቤቷ በር ይሰበር ይሆን። ስለ ማሽኗ ብቻ ልቧ አርፎ ነበር። እሷንማ ጠቅልላታለች።

ሰልስቱ ወጥቶ ስትመለስ፣ በሩን ስትከፍት የሞቀ ላስቲክ ሽታ ተቀበላት። መብራቱ መጥቷል፤ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ወደ ጥግ ሄዳ እጇን በጋቢው ላይ አሳረፈች፣ የልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ትኩሳቱ መዳፏን ፈጃት። ላስቲኩን፣ ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ማሽኗ አሁንም ነቅታለች። መብራት በመጣ ቁጥር እየተነሳች፣ በዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ እየታፈነች፣ እየጠፋች፣ እንደገና እየተነሳች ስትቃጠል ነው የሰነበተችው። ከውስጧ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምጽ ይመጣል፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ታየች ስፒናውን ነቀለች። ድምጹ ቆመ። ያኔ የስክሪኑን ስፒና መሬት ላይ አየችው፤ ሁሉም ነገር ገባት።

ከሊልን ጠራችው። ከሌሊሳ ጋር መጡ። ከሊል ፊልሙ ያለበትን ሀርድ ዲስክ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ እንዲህ ያለውን የሚከፍቱ ሰዎች አሉ ብለውት ነበር። ሲመለስ ከመናኸሪያ በቀጥታ ታየች ቤት ገባ። ጫማውን ሲያወልቅ ረጅም ጊዜ ስለወሰደ ምን ሊናገር እንደሆነ ገባት።

«ውስጡ ተፋፍቋል አሉ። እንኳን ፊልሙ፣ ስሙም አይወጣም።»

ካሜራውስ ተባለ። ከሊል ድሮ ሸጦታል። የቀረ ኮፒ የለም። ሌሊሳ ራሱን ይዞ «እኔ ነኝ» አለ። «ራሷ እንድትነሳ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ነግራኝ ነበር እኮ።»

«አንተ ለኮፒው ነው ያደረግከው» አለች ታየች። «እኔ ነኝ ያፈንኳት።»

ከሊል ሁለቱንም አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ አሮጌ ናት። ከስንት ሬሳ የተሠራች ማሽን ናት። በራሷ ሞተች ብንላቸውስ? ማን ምን ያውቃል? እትዬ ታየችም አይጎዱ፣ ጋሼም ዕድል ነው ብለው ይጽናኑ።»

ታየች ዕድሜ ልኳን ክፉ ወሬ ሲመጣባት በር በሩን ስታይ ኖራለች። ይዛው የምትሄድ እሷ እንደምትሆን ግን አስባው አታውቅም።

«አይሆንም» አለች። «በጽጌረዳ ለቅሶ አብሬያቸው ነበርኩ። ይሄም ያው ነው። መርዶ ደግሞ በውሸት አይነገርም።»

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ቀኑን ሳይጀምር፣ ብቻውን ሳይሆን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሦስቱ ተሰብስበው የጋሽ ከበበውን በር አንኳኩ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ታየች ነጠላ ብቻ ነው የደረበችው።

ጋሽ ከበበው ከፍተው ሦስቱን በተርታ ሲያዩ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

«ሌዊ ነው?»

«አይደለም ጋሼ» አለ ከሊል ፈጥኖ። «ሌዊ ደህና ነው። ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ሦስት ሆናችሁ ልቤን ልታቆሙት ነው የመጣችሁት? ግቡ፣ ብርዱን አታስገቡብኝ።»

ገቡ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነበር። ታየች እንድትቀመጥ ቢነገራትም አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ አደራዎን በልቻለሁ» አለች።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ባጃጁን፣ ስልኩን፣ ስፒናውን፣ ጋቢውን። ምንም አልቀነሰችም። ጋሽ ከበበው በመጀመሪያ «ጌታ ይመስገን፣ ማሽን ናት እንዴ! ማሽን ይሙት» ብለው ሳቅ አሉ። ስለ ልጃቸው የፈሩት ፍርሃት ገና አልለቀቃቸውም ነበር። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ቀጭ ቀጭ ትላለች?» አሉ እንደ መምህር።

«አዎ።»

«አዲስ አበባ ታየ?»

«ታይቷል ጋሼ» አለ ከሊል።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ አለፈ።

«ጽጌረዳ ያን ቀን ምን ብላ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «ሦስታችሁም ነበራችሁ። ምን ነበር ያለችው?»

ከሊል ድምጹን ቀጠን አድርጎ፣ «‹ወይ እኔን ምረጥ ወይ ብሎኑን አልኩት፤ ብሎኑን መረጠ› ነበር ያሉት» አለ።

«አይ» አሉ ጋሽ ከበበው። «እንዲያ አልነበረም። ‹አልመረጠም› ነው ያለችው። ‹ሁለታችንንም ኪሱ ከተተን።› ድምጿም እንዲህ ቀጭን አልነበረም፤ ዝቅ ያለ ነበር። መጨረሻው ላይ…» እጃቸውን አንስተው አየሩ ላይ ያዙት። «መጨረሻው ላይ ሳቅ ትል ነበር። መሰለኝ። ከሳቀች በኋላ ነው የተናገረችው ወይስ…» እጃቸው ወረደ።

ወደ ታየች ዞሩ። «አንቺ ፊት ለፊት ነበርሽ። አንቺ ታስታውሻለሽ።»

ታየች አፏን ከፈተች። ያ ቀን መጣላት፤ ዝናቡ፣ የቆርቆሮው ጩኸት፣ የሰው ሳቅ። ዓይኗ ግን ያኔ የነበረው ግድግዳው ሥር ነበር። ውሃ በበሩ ሥር ገብቶ ወደ ዲቫይደሩ ሊደርስ ነው፣ አሁን እሳት ይነሳል፣ አሁን ሁላችንም እናልቃለን እያለች ያንን ውሃ ስትጠብቅ ነበር። ውሃው ሳይደርስ ቀረ። ጽጌረዳ ያለችውን ግን አንዲት ቃል አልሰማችም።

«አላስታውስም ጋሼ» አለች። «ዲቫይደሩን ነበር የማየው።»

ያለቀሰችው ይሄኔ ነው። ጋሽ ከበበው ቀና ብለው ሲያዩዋት ዓይናቸው ነጠላዋ ላይ ቆመ።

«ጋቢሽ የታለ?»

«አልለብሰውም። እሱ ነው የገደላት።»

«ጋቢ ለብርድ ነው የተሠራው፤ ምን አጠፋ?» አሉ በቀስታ። ተነስተው ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የራሳቸውን አምጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ይቅር አልኩሽ አላሉም፤ ጥፋትሽ አይደለም አላሉም። ከዚያ መስኮቱ ዘንድ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሦስቱ ቀስ ብለው ወጡ።

የመዝጊያው ቅዳሜ ደረሰ። ዕቃ ቤቱ በአዲስ ቆርቆሮ ደምቋል፤ ከጥግ የሕፃናት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ታየች ጋሽ ከበበው አይመጡም ብላ ነበር። መጡ። እናት ማሽንን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ከሊል ዲስኩን አዲስ አበባ ካስከፈተ በኋላ መልሶ በቦታው ገጥሞት ነበር። ጋሽ ከበበው ከኪሳቸው ብሎን መፍቻ አወጡና ለታየች ዘረጉላት።

«እኔ ፈትቼ አላውቅም» አለች።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። ባለቤቱ ነው የሚፈታው። እናት ማሽን ባለቤት የላትም፤ አደራዋ አንቺ ጋ ነበር። ፍቺያት።»

እጇ እየተንቀጠቀጠ ፈታች። አንዱ ብሎን ወድቆ ተንከባለለ፤ ሌሊሳ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ማንም አልሳቀም። ዲስኩን ስታወጣው እጇ ላይ ከበዳት። ለጋሽ ከበበው ሰጠቻቸው። በመሐረብ ጠቅልለው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱትና ከላይ ዳሰስ አደረጉት። ቁልፉን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አስረክበው ተሰነባበቱ። ጋሽ ከበበው ቁልቁል ብቻቸውን ሄዱ።

ታየች መንገዱ መሃል ስትደርስ ጉሙ ወርዶ ነበር። ስልኳ ጮኸ። ኤልዳና ናት።

ታየች አንስታ ዝም አለች።

«እማዬ? አለሽ? ምነው፣ ማን ሞተ አትይም እንዴ ዛሬ?» ሳቀች ልጅቷ።

«አለሁ» አለች ታየች። መንገዱ ዳር ቆመች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «ተናገሪ ልጄ።»

«ምን ልናገር?»

«የፈለግሽውን። ዝም ብለሽ ተናገሪ።»